የእግርን አቋም ለማስተካከል፦ አዬንጋር ዮጋ ወይስ አሽታንጋ?

የአዬንጋርም ሆነ የአሽታንጋ ዮጋ ምንጭ አንድ ነው፤ ሁለቱን ያስፋፉት ቢ.ኬ.ኤስ. አዬንጋርና ፓታቢ ጆይስ በህንዷ ማይሶር ከተማ የዮጋ መምህሩ የክሪሽናማቻሪያ ተማሪዎች ነበሩ። የእግርን አቋም በማስተካከል ረገድ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

የአዬንጋር ስልት ቀጥ ብሎ ከመቆም፣ ማለትም ከታዳሳና፣ ይጀምራል። ተማሪው ክብደቱን በአውራ ጣቱ ሥር፣ በትንሿ ጣቱ ሥርና በተረከዙ ላይ እኩል አሳርፎ፣ የውስጥ እግሩን ጎድጓዳ ወደ ላይ እያነሳ ይቆያል፤ በጭኖቹ መካከል የሚያዘው የእንጨት ብሎክ ደግሞ ጭኑ ወዴት እየዞረ እንደሆነ ወዲያው ያሳብቅበታል። እግርን አራርቆ የፊተኛውን ጉልበት በማጠፍ በሚሠራው ሁለተኛው የጦረኛ አቋም ይህ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ፣ መምህሩ አስቁሞ ጉልበቱን በሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ያስይዘዋል። አሰልቺ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሽታንጋ በአንጻሩ አብዛኛውን አቋም ለ5 ትንፋሽ ያህል ብቻ ይዞ ያልፋል። ድግግሞሹ ጭንንና ባትን ያጠነክራል፤ ሆኖም ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሰው፣ የሚያርመው ከሌለ፣ ያንኑ ጉድለት በየዕለቱ ይደጋግመዋል። ዳሌው ሳይላላ ወደ ሎተስ አቀማመጥ፣ ማለትም እያንዳንዱን እግር በተቃራኒው ጭን ላይ አድርጎ ወደ መቀመጥ፣ ከቸኮለም ጫናው የሚያርፈው በጉልበቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጀማሪ አዬንጋርን አስቀድማለሁ፤ አሽታንጋ አቋሙ ከተስተካከለ በኋላ ይደርሳል። የአጥንትን ቅርጽ ግን ሁለቱም አይለውጡም፤ በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም እንኳ የእግሩ ጎድጓዳ የማይታይ ሰው አስቀድሞ የአጥንት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።