ለፖሊስ ታክቲካል (ልዩ ዘመቻ) ክፍል ምን ይገዛ? ቫን፣ ብረት ለበስ ላንድክሩዘር፣ ቤርካትና ኤምራፕ ሲነጻጸሩ

ሻጭ ቀድሞ የሚያወራው ስለ ጥይት መከላከያው ደረጃ ነው። ገዥ ግን ቀድሞ ክብደቱን ይጠይቅ፤ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ሻንሲውስ ስንት እንዲሸከም ተሠራ? ብረት ለበስ የፖሊስ መኪና ጋራዥ ገብቶ የሚከርመው አብዛኛውን ጊዜ ጥይት መትቶት ሳይሆን የራሱ ብረት ከብዶት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ሚሊሜትር ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ተራ የጠመንጃ ጥይት ለመመከት የሚገባው 6.5 ሚሊሜትር ጠንካራ ብረት እንግዲህ በካሬ ሜትር 51 ኪሎ ይሆናል። 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ደግሞ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ በር ላይ ብረቱን፣ መስታወቱን፣ ፍሬሙንና ቁልፉን ስትደምሩ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ያን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለት ወይም ሦስት ማጠፊያዎች ናቸው።

የቁጥሩ ወጥመድ

«ደረጃ 6» ሲባል የማን 6 እንደሆነ ጠይቁ። በአውሮፓ የመስታወት መለኪያ ኢኤን 1063፣ ቢአር 6 ማለት 7.62 በ51 (የጥይቱ ስፋትና የቀለሃው ርዝመት በሚሊሜትር) ተራ ጥይትን የሚያቆም ነው። ቪፓም በሚባለው የፈታኝ ተቋማት ማኅበር መለኪያ ግን 6 የክላሽ ጥይት፣ የ7.62 በ39 ደረጃ ነው፤ 7.62 በ51 የሚመጣው 7 ላይ፣ ብረት በሺው ደግሞ 9 ላይ ነው። ኢኤን 1063 ውስጥ ክላሽ በስሙ የለም። ስለዚህ ውሉ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የጥይቱ ዓይነት፣ ፍጥነቱና የተተኮሰበት ርቀት ይጻፍ።

ሁለተኛው ወጥመድ የምስክር ወረቀቱ ነው። ብረቱና መስታወቱ ለየብቻ ፈተና ማለፋቸው መኪናው አለፈ ማለት አይደለም። ጥይት የሚገባው በበሩ ዙሪያ ባለው ክፍተት፣ በቁልፉ ቀዳዳ፣ መስታወቱ ከፍሬሙ በሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ ያውም በሰያፍ ሲተኮስ። ቪፓም ቢአርቪ የሚባለው ፈተና ሙሉውን መኪና እነዚህ ቦታዎች ላይ እየተኮሰ ነው የሚመረምረው። የሱን ወረቀት ጠይቁ።

ቫን

ብረት አልለበሰም፣ ዓይን አይስብም፣ ለመለዋወጫ አያስቸግርም። ከዘመቻዎች አብዛኞቹ ቡድኑን ከነዕቃው አድርሶ ከማዕዘን ጀርባ ማውረድ ብቻ ነው የሚጠይቁት፤ ለዚህ ቫን ይበቃል። ስህተቱ የሚሠራው መጠኑ ላይ ነው። ጥይት መከላከያ፣ ጋሻ፣ መሣሪያና ሬዲዮ የያዘ አንድ ሰው ከ110 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አሥር ሰው ማለት ከአንድ ቶን በላይ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 3.5 ቶን የሆነ ቫን የመጫን አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቶን አካባቢ ስለሆነ በር መስበሪያው ገና ሳይጫን ሞልቷል። የ5 ቶኑን ውሰዱ።

በር ሲከፈት የሚበራውን የውስጥ መብራት ገና ከመጀመሪያው አስነቅሉት ወይም ማጥፊያ አስገቡለት። በጨለማ ውስጥ ተንሸራታቹ በር ተከፍቶ መብራቱ ሲበራ ቡድኑ በሙሉ መስኮት ላይ እንደተለጠፈ ሥዕል ይታያል።

ብረት ለበስ ላንድክሩዘር

ለአዛዥ፣ ለተደራዳሪ፣ ለአጀባ ጥሩ ነው፤ ለወረራ አይሆንም። አራት አምስት ሰው ይዞ በጠባብ በር በየተራ ያወርዳል። ላንድክሩዘር 200 ጠቅላላ ክብደቱ 3,350 ኪሎ እንዲሆን የተሠራ ነው፤ ቢአር 6 ሲለብስ ከአንድ ቶን በላይ ይጨመርበታል። ሞተሩ ይጎትተዋል። የሚቸገሩት የኋላ ሞላው፣ ፍሬኑና የበር ማጠፊያው ናቸው። ሞላና ፍሬን ሳይቀየሩለት ብረት የለበሰ መኪና ቁልቁለት ላይ ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ዲስኩ ይግልና ፔዳሉ ይላላል።

መስታወቱም ዕድሜ አለው። ንብርብሮቹ ሲላቀቁ ጠርዙ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ወይም አረፋ ይታያል፤ ምክንያቱ ሙቀት፣ እርጥበትና በሩን መደርገም ነው። ከውስጥ ያለው ሽፋን ፖሊካርቦኔት ስለሆነ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ ከታሸ ይደበዝዛል። ለስላሳ ጨርቅና ለዘብ ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል።

ቤርካት

ገንዘቡ ለአንድ ብረት ለበስ ብቻ ከበቃ ምርጫው እዚህ ነው። የአሜሪካው ሌንኮ ኩባንያ ይህን ብረት ለበስ የሚሠራው በፎርድ ኤፍ 550 ሻንሲ ላይ ነው፤ ሻንሲው የራሱን ጨምሮ እስከ 8.8 ቶን ጠቅላላ ክብደት ይችላል፣ ማለትም ለከባድ ሥራ ታስቦ የተሠራ እንጂ ኋላ ብረት የተጫነበት የቤት መኪና አይደለም። አሥር ሰው ገደማ ይይዛል፣ የጣሪያ መውጫ፣ የመተኮሻ ቀዳዳና የውጭ መቆሚያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ ታጣቂ ሰዎችን ባገተበት የምሽት ክበብ ፖሊስ ግድግዳ የበሳው በቤርካት ነበር።

ብዙ ሰው የማያስበው ችግር ሞተሩ ቆሞ መሥራቱ ነው። ከበባ ለሰዓታት ይዘልቃል፤ መስታወቱ ስለማይከፈት ኤሲው መሥራት አለበት፣ ሬዲዮና ካሜራውም ኃይል ይበላሉ። ዘመናዊ ናፍጣ ሞተር እንዲህ ሲውል የጭስ ማጣሪያው በጥቀርሻ ይደፈናል፣ ከዚያም ራሱን ለማጽዳት የጭስ ማውጫውን በጣም ያግላል። ደረቅ ሣር ላይ ከቆመ እሳት ያስነሳል። ከረጅም ከበባ በኋላ በሰፊ መንገድ ላይ በጥሩ ፍጥነት ይነዳ፤ በግዢው ጊዜም ትልቅ ዲናሞና ለኋላ ክፍል የራሱ ኤሲ ይታዘዝ።

ሆዱ ግን ለተቀበረ ፈንጂ የተሠራ አይደለም።

ኤምራፕ

ኤምራፕ ፈንጂ የሚቋቋም ወታደራዊ ብረት ለበስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በብዛት የተመረተው ኢራቅ ውስጥ መንገድ ላይ ለሚጠመድ ፈንጂ ነው፤ ከሥሩ እንደ ታንኳ ሾል ያለው ፍንዳታውን ወደ ጎን ለመግፋት ነው። በአሜሪካ የሠራዊቱ ትርፍ ዕቃ ለፖሊስ በሚተላለፍበት፣ 1033 በሚባለው ፕሮግራም ብዙ የፖሊስ ክፍሎች ዋጋ ሳይከፍሉ ወስደውታል። ነፃ ይባላል እንጂ ማጓጓዣው፣ መለዋወጫውና ጎማው ከነናፍጣው በተቀባዩ ላይ ነው። ብዙዎቹ ከ14 ቶን በላይ ይመዝናሉ፣ ቁመታቸው 3 ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ድልድይ አይችላቸውም፣ የመንገድ ዳር አፈር ሲከዳቸው ይገለበጣሉ፣ አስፋልት ላይም ኩርባ በፍጥነት አይወዱም። ፈንጂ ከሌለ አይገዛ። ለጎርፍ ነፍስ አድን ግን ቁመቱ ይጠቅማል፤ ያ ሌላ በጀት ነው።

በመካከል የጀርመኑ ራይንሜታል ሰርቫይቨር አር አለ፣ ማን (MAN) በተባለው ኩባንያ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ፤ የጀርመን ሳክሶኒ ግዛት ፖሊስ ይጠቀምበታል። ክብደቱ ከቤርካት ይበልጣል፣ ስለዚህ መንገዱና ጋራዡ ይታሰብ።

ከመረከብ በፊት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1997 በሎስ አንጀለስ ሰሜን ሆሊዉድ የባንክ ዘራፊዎች ፖሊስ ሲያቆስሉ የተጎዱትን ለማውጣት ያገለገለው የገንዘብ ማጓጓዣ ብረት ለበስ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ቃሬዛ ነው፤ ሰው አስተኝታችሁ በኋላ በር አስገቡ። የኤምራፕ መወጣጫ ከፍታ ለዚህ መጥፎ ነው፣ ላንድክሩዘር ጨርሶ አያስገባም።

ቀጥሎ ሙሉ ሰውና ዕቃ ጭናችሁ የፊትና የኋላ አክስሉን ለየብቻ ሚዛን ላይ አውጡ። አንድ አክስል እንኳ ከተጻፈለት ካለፈ አትረከቡ። አፍንጫውን ዳገት ላይ አቁማችሁ በሮቹን ክፈቱና ዝጉ፤ ከባድ በር ቁልቁል ሲወረወር ወይም ሽቅብ አልገፋ ሲል እዚያው ይታያል። የጣሪያ መውጫው ላይ ለሩብ ሰዓት ውሃ ልቀቁ። በመጨረሻ ባትሪውን ንቀሉና አንድ ሰው ከውስጥ አስገብታችሁ ዝጉ፤ ኤሌክትሪክ ሳይኖር የኋላውን በርና የጣሪያውን መውጫ በእጁ ከፍቶ መውጣት ካልቻለ ሰነዱ አይፈረም።