ሰባ ዓመቱን በሰባት ደቂቃ፦ በሴንት ፒተርስበርግ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ጉብኝት

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዱ ኮከብ ግን የአስጎብኚ ድርጅቱ አይደለም፤ አብረውን ሲዞሩ የነበሩ የአንድ ሽማግሌ ነው።

አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ከተማው ገና ሌኒንግራድ እየተባለ፣ የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን ሆነው የተማሩት እዚሁ ነው። ልጅ ሆነን ስለ አንድ ክብ አዳራሽ ይነግሩን ነበር፤ ወለሉ ላይ በእንጨት የተሠራ ትልቅ ኮምፓስ አለ፣ እሱን የረገጠ ወዮለት። ስለዚህ የጉብኝቱ ማስታወቂያ ላይ ያ ኮምፓስ ፎቶው ወጥቶ ሳይ ሳላቅማማ 1,500 ሩብል ከፈልኩ። ቫሲሌኦስትሮቭስካያ ሜትሮ በር ላይ ተሰባሰብን፣ ወደ ኔቫ ወንዝ ዳር ወረድን። እዚያ ስንደርስ አስጎብኚው ቀለል አድርጎ «ውስጥ አንገባም፣ የወታደር ተቋም ነው» አለን። እኔም አውቃለሁ የወታደር ተቋም መሆኑን! ታዲያ ፎቶውን ለምን ለጠፋችሁት?

ልጁ አያውቅም አልልም። የዛር ዘመኑን ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1701 ሞስኮ በሱካሬቭ ግንብ የሒሳብና የመርከብ አመራር ትምህርት ቤት መክፈቱን፣ በ1715 ከፍተኛ ክፍሎቹ ወደዚህ መዛወራቸውን፣ ኋላ አድሚራል የሆነው ናኪሞቭ እዚህ መማሩን ነገረን። የሙዚቃ ደራሲው ሪምስኪ ኮርሳኮቭም መጀመሪያ ከዚህ የወጣ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመው ሐውልት ክሩዘንሽቴርን ነው፤ ከ1803 እስከ 1806 ድረስ የመጀመሪያውን የሩሲያ የዓለም ዙሪያ ጉዞ የመራ፣ በኋላም የዚሁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረ። ተመራቂዎች ከምረቃቸው በፊት በሌሊት መጥተው ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ግዙፍ የመርከበኛ ካናቴራ ሰፍተው ያለብሱታል አሉ። ይህን ሲነግረን ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ሶቭየት ላይ ሲደርስ ልጁ ጥድፊያ ያዘው። «አብዮት መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ፍሩንዜ ተባለ፣ በ1998 ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተቀላቀለ፣ አሁን ወደ በረዶ ሰባሪዋ መርከብ እንሂድ።» ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ደቂቃ አልሞላም። እኔ ደግሞ የመጣሁት ለዚያው ነበር። «ፍሩንዜ መርከበኛ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ አፉን ሳይከፍት ከኋላዬ «የምድር ጦር አዛዥ ነበር፣ ልጄ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሽማግሌው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያው ተምረው የወጡ ናቸው። ፍሩንዜ ክራይሚያ ላይ የፀረ አብዮቱን ጄኔራል ቭራንጌልን ያሸነፈ የቀይ ጦር አዛዥ ነበር፤ ሲሞት የጦሩም የባሕር ኃይሉም ኮሚሳር (ሚኒስትር እንደማለት) ስለነበረ በ1926 ስሙ ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ኩዝኔትሶቭ የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው፤ በ34 ዓመቱ መላውን የባሕር ኃይል የተረከበው፣ ጀርመን በገባችበት የሰኔ 1941 ሌሊት መርከቦቹን በሙሉ ዝግጁነት ያቆመው። ከ1918 በኋላ የመርከበኛና የገበሬ ልጆችን ለመኮንንነት ያስተማሩት ብዙዎቹ የድሮው የዛር መኮንኖች እንደነበሩም አጫወቱኝ። ዛርን ከጣለ መንግሥት የማልጠብቀው ነገር ነው። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

ከዚያ ሽማግሌው የግራ ክንዳቸውን ዘረጉና በጣታቸው እጅጌያቸው ላይ መስመር ሠሩልኝ። አንድ መስመር አንደኛ ዓመት፣ አምስት መስመር አምስተኛ ዓመት። ትምህርት ቤቱን በስሙ የሚጠራው የለም፣ «ሲስተም» ነው የሚሉት። የተማሪዎቹ ሱሪ ደግሞ በደንቡ ጠባብ ነበርና ማታ ውኃ ነክረው፣ ከታች ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ እግሩ ውስጥ ይከቱበታል፤ ጠዋት ቤልቦተም ሆኖ ይነሳል። የኮምፔንሳቶዋ ስም «ቶርፔዶ»። አለቆች በፍተሻ ሲያገኙ ይሰብሯታል፣ እነሱ ሌላ ይቆርጣሉ።

ለምትሄዱ፦ የውስጡን ፎቶ አትመኑ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ወፍራም ካፖርት ልበሱ፤ እኔ በጥቅምት ሄጄ የኔቫ ንፋስ አጥንቴን ነው የሰበረው። የሶቭየቱን ዘመን የምትፈልጉ ከሆነ ለአስጎብኚው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ዝም ካላችሁት ይዘለዋል። «ክራሲን» የምትባለው በረዶ ሰባሪ መርከብ ግን እውነትም ታምራለች፣ እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። አልበማቸው ውስጥ ሱሪው መሬት የሚጠርግ ፎቶ አለ፣ ልጆች ሆነን የምንስቅበት። «ጋሼ፣ ያንን ሱሪ በቶርፔዶ ነበር እንዴ ያሰፉት?» አልኳቸው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ማነው የነገረሽ?» አሉኝ፣ ከዚያ በሩሲያኛ አንድ ነገር ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። የእሳቸው ሦስት ጊዜ ተሰብሮባቸዋል።