የብረት ጥንካሬ መለኪያ ልትገዙ ነው? ሞረድ፣ ሮክዌል፣ ሊብ ወይስ ብሪኔል

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ከደሴ ሻፍት (የሚሽከረከር የብረት ዘንግ) ተሸክሞ ኮምቦልቻ፣ ቶርኖ ቤቴ ድረስ መጣ። «የተጠናከረ ነው» ተብሎ ነበር የገዛው። ቡሺንግ (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ውስጥ የሚሽከረከረው ቦታ በጥቂት ወር ተበልቷል። ሞረድ አስነካሁት። ወዲያው ነከሰው፤ ብናኙ ጣቴ ላይ ቀረ። የጠነከረ ብረት ቢሆን ሞረዱ ሲጥ ብሎ ይንሸራተት ነበር።

እዚህ ጋ ጥንካሬ የምለው ላዩ አለመሰርጎዱንና አለመቧጨሩን ነው። አለመሰበር ሌላ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የመፈተሻ ሞረድ ግዙ። ስብስቡ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 65 ሮክዌል ሲ (የጥንካሬ ነጥብ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ብረቱ ይጠነክራል)፣ በ5 በ5 ልዩነት ይመጣል። ከጠንካራው ጀምራችሁ ትወርዳላችሁ። አንዱ ነክሶ ቀጣዩ ከተንሸራተተ ልኩ በሁለቱ መሀል ነው። ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ግን አይሰጥም።

ሻፍትና ጊር የዘወትር ሥራችሁ ከሆነ የጠረጴዛ ሮክዌል ይሻላችኋል፤ የኔም ምርጫ እሱ ነው። በ10 ኪሎ ይጀምርና እስከ 150 ኪሎ የአልማዝ ሾጣጣውን ይጫናል። የገባውን ጥልቀት ለክቶ ቁጥሩን እዚያው ሰዓቱ ላይ ያሳያል። በእጅ የሚሠራው መብራት ቢጠፋም አይቆምም፤ እኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥሩ ከ100 ወደ ታች ይቆጠራል፤ አልማዙ 0.002 ሚሊሜትር በገባ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ 60 ያለው ብረት ላይ አልማዙ 0.08 ሚሊሜትር ያህል ይገባል። ላዩ ብቻ የጠነከረ ዕቃ ከሆነ፣ የጠነከረው ቆዳ ቢያንስ የዚህ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 0.8 ሚሊሜትር መወፈር አለበት። ከዚያ ከሳሳ አልማዙ ከሥር ያለውን ለስላሳ ብረት ያገኛል፤ ቁጥሩም ያሳስታችኋል። ለስስ ቆዳ ቪከርስ (በትንሽ የአልማዝ ምልክት የሚለካው) ወይም ዝቅተኛ ጫና ያለው ሮክዌል ያስፈልጋል።

በእጅ የሚያዘው ሊብ ዓይን ይስባል። ጫፏ ላይ ኳስ ያላትን ትንሽ መምቻ ወርውሮ ስትነጥር ፍጥነቷን ይለካል። ከቦታው የማይነሳ ትልቅ ማሽን ላይ ወደር የለውም። ነገር ግን የተለመደው ዲ ዓይነት ከ5 ኪሎ በታች የሆነ ዕቃ ብቻውን ሲለካ ይሳሳታል፤ ዕቃው ራሱ ይንቀጠቀጣላ። ለትንንሽ ጊር ብላችሁ አትግዙት።

ብሪኔል ቀልጦ በቅርጽ ለተሠራ ብረት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ መኪና የፍሬን ታምቡር ግራጫ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ ውስጡም ወጥ አይደለም። የ10 ሚሊሜትር ኳስ በ3000 ኪሎ ስትጫነው ሰፊ ቦታ ትነካለች፤ አማካዩን ታሳያለች። ማሽኑ ከባድ ነው። ምልክቱም ትልቅ ስለሆነ ተሠርቶ ላለቀ ዕቃ አይሆንም።

ሮክዌል ስትገዙ ልኩ የተጻፈበት የመፈተሻ ብሎክ አብሮ ይኑር። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ብሎኩን አምስት ቦታ ለኩ። ቁጥሮቹ ከተዘበራረቁ ወይም ከተጻፈው ከራቁ ማሽኑን እዚያው ተዉት።