ፋይልዚላ ከመስቀል እስከ ፋሲካ፦ ጎንደር ላይ ስጠቀምበት ያየሁት

ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ ፔንሽን ድረ ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሥራው ከባድ አይደለም። የክፍል ዋጋ አስተካክላለሁ፤ የፋሲል ግቢንና የስሜን ተራሮችን ፎቶ እጭናለሁ፤ አልፎ አልፎ መጠባበቂያ ኮፒ አወርዳለሁ። ለዚህ ሁሉ ከመስቀል ጀምሮ የምጠቀመው ፋይልዚላን ነው፤ በኮምፒውተሬና ድረ ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) መካከል ፋይል የሚያመላልስ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ዊንዶውስም፣ ሊኑክስም፣ ማክም ላይ ይሠራል። የተጀመረው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ መልኩም ዕድሜውን አይደብቅም። ለቁንጅናው ብሎ የሚመርጠው ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ሲወዳደሩ ብዙ የሚወራው ስለ ፍጥነት ነው። እኛ ጋ ፍጥነቱን የሚወስነው መስመሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም መብራት ሲሄድ የተጀመረው ፋይል ምን ይሆናል?

ፋይልዚላ መስመር ሲቋረጥበት ራሱ ደግሞ ይሞክራል። መጀመሪያ ሲጫን 2 ጊዜ ብቻ እንዲሞክር ነው የተስተካከለው፤ እኔ ከፍ አድርጌዋለሁ። አልሆን ያሉትን ለብቻ ይዘረዝራቸዋል። መልሳችሁ ስትልኩ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ካለ ልተካው፣ ልዝለለው ወይስ ከቆመበት ልቀጥል ብሎ ይጠይቃል። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላና ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ይህች የመጨረሻዋ ምርጫ ነፍስ ናት። ግን ለቪዲዮና ለፎቶ ብቻ ተጠቀሙባት። አርማችሁት ለተመለሰ ገጽ “ቀጥል” ካላችሁት አሮጌው ጫፍ ላይ አዲሱን ይቀጥልና ገጹን ያበላሸዋል። እሱ መተካት ነው ያለበት።

የማልወድለት ነገር በዋናው ስም ላይ በቀጥታ መጻፉ ነው። መሀል ላይ ከተቋረጠ ጎብኚው ግማሽ ፎቶ ያያል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ዊን ኤስሲፒ የተባለ ፕሮግራም በኤስኤፍቲፒ (ፋይልን መስጥሮ በሚልከው መንገድ) ሲልክ ከ100 ኪሎባይት የሚበልጠውን ፋይል በጊዜያዊ ስም ይጭናል፤ ሲያልቅ ነው ስሙን የሚቀይረው። በዚህ ይበልጠዋል፣ ክርክር የለውም። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ እሱን ውሰዱ። የእኛ እንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ሊኑክስ ስለሆነ ለእኔ አልሆነም። ትልልቆቹን ፋይሎች በሌላ ስም እጭንና ሲያልቁ እዚያው ስማቸውን እቀይራለሁ። አሰልቺ ነው፤ ይሠራል።

ፓስወርድ ላይ አትዘናጉ። ተራው ኤፍቲፒ (የቆየው የፋይል መላኪያ መንገድ) በፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 21 ፓስወርዱን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው። የካፌ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ ይህን ማድረግ አያዋጣም። ኤስኤፍቲፒን በፖርት 22 ምረጡ። ሆስቲንግ (ለድረ ገጹ የሰርቨር ቦታ) የገዛንበት ድርጅት ይህን እስኪከፍትልን ደጅ ጠንተናል። ፋይልዚላም የምታስቀምጡትን ፓስወርድ የሚመሰጥረው ማስተር ፓስወርድ (ሌሎቹን የሚቆልፍ አንድ ዋና ፓስወርድ) ካበጃችሁለት ነው፤ ካለዚያ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

ስታወርዱትም ረጋ በሉ። ትልቁ የማውረጃ ቁልፍ የሚሰጣችሁ ጫኚ ያልጠየቃችሁትን ሌላ ፕሮግራም ሊያቀርብላችሁ ይችላል። ሌሎቹ የማውረጃ አማራጮች ውስጥ ንጹሑ አለ።

የአማርኛ የፋይል ስም ያለ ችግር ያልፋል፤ ፊደሉ ከተምታታ ከሳይቱ ማስተካከያ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል አጻጻፍ ኮድ ምረጡ። ጣጣው ሊንኩን ለእንግዳ በቴሌግራም ስትልኩ ነው። ሊንኩ ውስጥ አንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ 9 ምልክት (የ%፣ የላቲን ፊደልና የቁጥር ድብልቅ) ይቀየራል። “ጥምቀት” ብቻውን 36 ምልክት ይሆናል፤ ደንበኛው ቫይረስ መስሎት አይከፍተውም። ስለዚህ የፎቶዎቼን ስም በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው፣ ቅር እያለኝም ቢሆን።