የኩሽና መሳቢያ የምታሠሩ፣ «ቅቡ ፖሊዩረቴን ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ

አሁን ከእንጨት ሥራ ቤቱ መመለሴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፍላችሁ።

ለ4 መሳቢያ የማንኪያና የቢላ መከፋፈያ ነው ያሠራሁት፣ በዋንዛ። እንጨቱ ጥሩ ነበር። ጣጣው ያለው ቅቡ ላይ ነው። እርጥብ ማንኪያ ስለሚገባበት ተራ ላከር አልፈልግም፣ ባለ ሁለት ቆርቆሮውን፣ ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቀውን ፖሊዩረቴን አድርግልኝ አልኩት። «እህቴ፣ እኛ ቤት ሌላ ነገር የለም» አለኝ። ለቅቡ ብቻ 3,500 ብር አስጨመረኝ። ሰው ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን ሲረከብ ነው የሚከፍለው፤ እኔ ግን «ዕቃ ልግዛበት» ሲለኝ አዝኜለት ሙሉውን ቀድሜ ሰጠሁት፣ ያውም ያለ ደረሰኝ። በዚህ ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

በ2 ሳምንት ውስጥ ማንኪያ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነጭ ሆነ። ጥጋጥጉ እጅ ላይ ይጣበቃል። የልጄ ማንኪያ ሳይቀር ቲነር ቲነር ይሸታል።

ዛሬ አንዱን መከፋፈያ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ ስልክ እያወራ ነበር፣ በእጁ «ቆዪ» አለኝ። ቆሜ ስጠብቅ ሠራተኛው የሌላ ሰው መሳቢያ ሊቀባ ሲዘጋጅ አየሁት። አንድ ቆርቆሮ ከፈተ፣ ቲነር ገለበጠበት፣ በስንጥር አማሰለና መርጫው ውስጥ ጨመረው። በቃ። ሁለተኛ ቆርቆሮ የሚባል ነገር የለም። «ማድረቂያውስ?» አልኩት። ልጁ ግራ ገብቶት ወደ አለቃው ዞረ። አለቃው ስልኩን ከጆሮው እንኳን ሳያነሳ፣ «የመሳቢያ ውስጥ አይደል እንዴ፣ ማን ያየዋል?» ብሎኝ ወሬውን ቀጠለ።

ማን ያየዋል? እኔ ነኛ የማየው! በቀን አሥሬ የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ከዚያ ማንኪያ አንስቼ ልጄን የማጎርሰው እኔ ነኝ። ገንዘቤን መልስ ስለው ደግሞ «ደረሰኝ አምጪ» አለኝ፣ እንዳልሰጠኝ እያወቀ።

የምታሠሩ ካላችሁ፣ ስትረከቡ ጥጥ አሴቶን ባለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክራችሁ የማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ተራ ላከር ከሆነ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። በደንብ የደረቀ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ፖሊዩረቴን ግን በቀላሉ አይለሰልስም። ቀሪውን ብር ከዚያ በፊት እንዳትሰጡ።