ስቶፕዎቹን ለልጄ ላስያዙት መምህርት ምስጋና

ምስጋናዬ የሚገባቸው መምህርት ስማቸውን በአደባባይ እንዳላነሳ ስለለመኑኝ «መምህርታችን» እያልኩ ብቻ እጽፋለሁ። የሚያስተምሩት የሰባተኛ ክፍል የማኅበራዊ ትምህርት ነው። ዘንድሮ ለልጄ ያደረጉለት ነገር ግን በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ስላልሆነ ዝም ብዬ ማለፉን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። በኦሎምፒክና በዓለም ዋንጫ ሰሞን ልጆቻችሁ «ፕሮጀክት ታዘናል» ብለው ሲመጡ ፊታችሁ የሚጠቁር ወላጆች፣ እባካችሁ አንብቡልኝ፤ የእኔም ፊት ይጠቁር ነበር።

ምክንያት ነበረኝ። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ይማርበት የነበረው ሌላ ትምህርት ቤት በዓለም ዋንጫ ጊዜ «የተሳታፊ አገሮችን ፖስተር ሠርታችሁ አምጡ» የሚል ትእዛዝ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል ማብራሪያ አልነበረም። ልጁ 32 ባንዲራዎችን በልክ ቆርጦ መለጠፍ ስላቃተው እሱ ተኝቶ እኔ ማስቲሽና መቀስ ይዤ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥኩ። ውጤቱ በተነገረ ቀን ገና ከበሩ ሳይገባ «አባዬ፣ አሥር ከአሥር አገኘህ!» አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ «ወጣቶችን በስፖርት እናነቃቃለን» የሚል ማስታወቂያ አምኜ፣ ቀላል የማይባል ገንዘብ ከፍዬ ያስመዘገብኩበት የእረፍት ወራት ፕሮግራም ነበር። ልጄ አስም አለበት። አሠልጣኙ ይህን እንደሰማ «አንተ እዚያ ጥግ ተቀመጥና ተመልከት» አለው፤ እሱም ሁለት ወር ሙሉ ሲመለከት ከረመ። በመዝጊያው ዕለት ለሁሉም ሜዳልያ ሲታደል ለእሱም ደረሰው። ወደ ቤት ስንመለስ ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ለምንድን ነው የሰጡኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ። እነዚያ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ስለዚህ መምህርታችን በወላጆች ስብሰባ ላይ የኦሎምፒክ ፕሮጀክት ሊያሠሩ እንደሆነ ሲናገሩ በልቤ «ደግሞ መጣ» አልኩ። እሳቸው ግን ሐሳቡን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ጊዜ፣ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ አገር መርጠው ቋንቋውንና ባህሉን ካጠኑበት «አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ አገር» ከተባለው ሥራ እንደሆነ አስረዱን፤ ከዚያም አንድ ነገር አጥብቀው ለመኑን። «ወላጆች፣ እባካችሁ አትርዱአቸው» አሉ። ከመምህር አፍ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሥራው ሁሉ የልጄን ልብ የያዘው ማራቶን ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪሱ የ2024 ኦሎምፒክ በመጀመሪያ የተያዘው በተጠባባቂነት እንደነበር፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተክቶ እንደገባና 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በሆነ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን እንዳሸነፈ ብዙዎቻችን እናውቃለን። መምህርታችን ይህን አሸምድደው አልፈተኗቸውም። «ይህ ፍጥነት በእኛ ግቢ ውስጥ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቋቸው። ልጆቹ አስልተው አንድን መቶ ሜትር በ18 ሰከንድ እየጨረሱ ያንኑ 422 ጊዜ ያህል ያለማቋረጥ መደጋገም ማለት እንደሆነ ደረሱበት። ስሌቱ እንዴት እንደተሠራ፣ በኮምፒውተር የሳሉት መስመርም ምን እንደሚል እኔን አትጠይቁኝ፤ ልጄ ሁለት ጊዜ አስረድቶኝ ሁለቴም ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልገባኝም።

የገባኝ ግቢው ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። ዕለቱ ልጄን ለሐኪም ቀጠሮ ቀድሜ ልወስድ የሄድኩበት ቀን ነበር። ተማሪዎቹ መቶ ሜትር ለክተው መስመር አስምረው፣ እየተቀባበሉ እያንዳንዱን መቶ ሜትር በ18 ሰከንድ ለመጨረስ ይታገላሉ። ልጄን ጥግ ላይ ፈለግኩት፤ እዚያ አልነበረም። መድረሻው መስመር ላይ፣ ከሁሉም ፊት፣ ስቶፕዎች ይዞ ቆሟል። በኋላ እንደሰማሁት «እኔ መሮጥ አልችልም» ሲላቸው «ሰዓት የሚይዝ ከሌለ ክብረ ወሰን የሚባል ነገር የለም» ብለው በእጁ ያስያዙት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ አንዲት ልጅ ከሁሉም በልጣ ስትመጣ እሱም አብሮ ሲጮህ ሰዓቱን ማቆም ረሳ። ክፍሉ በቁጣ ተነሣበት፤ «ይቀማ! ይቀማ!» አሉ። የልጄን ፊት አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጥግ ላይ ሲቀመጥ የነበረው ፊት ተመልሶ መጣ። ልገባ አንድ እርምጃ ተራምጄ ነበር።

መምህርታችን እጃቸውን አነሡና «ሰዓቱ አልተያዘም ብለህ መዝገቡ ላይ ጻፍ፤ ያልተሳካ ሙከራም ይመዘገባል» አሉት። እስኪጽፍ ድረስ ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ። ከዚያ «እሷ ደክማለች፤ ይህችን ዙር እኔ እሮጣታለሁ» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀራቸው ሴት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በሮም በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን ጀግና ባለፈው ሳምንት ተምረው ኖሮ ከመሃል አንዱ «አበበ ቢቂላ!» ብሎ ሲጮህ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። የቀሚሳቸውን ጫፍ በአንድ እጃቸው ሰብስበው ሮጡ። ልጄ አልሳቀም፤ ዓይኑን ከመስመሩ ላይ አልነቀለም፤ እንደደረሱ ተጫነና «ሠላሳ አንድ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም። ወደ ሐኪሙ የደረስነው አርፍደን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የሚወራው ሌላ ሆነ። በባርሴሎና በ1992 ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትሩን ከጨረሰች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን እንደዞሩ፣ ደቡብ አፍሪካም ከ1960 ወዲህ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ እንደነበር የነገረኝ ልጄ ነው፤ ሁለት ገጽ ጽፎበታል፤ እኔ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልጨመርኩም። የቶኪዮ 2020 ሜዳልያዎች ሕዝብ ከለገሳቸው አሮጌ ስልኮችና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በወጣ ብረት መሠራታቸውን በተማሩበት ሳምንት ደግሞ ያንን የእረፍት ወራት ሜዳልያ ከተጣለበት ሳጥን አውጥቶ ወደ ክፍል ወሰደው። «ከምን እንደተሠራ ልናጣራ ነው» አለኝ። አጣርተው ሲጨርሱ መልሶ አላመጣውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ እንዲህ ያለ መምህር በእጃችሁ ካለ ግቢውን አንድ ሰዓት ልቀቁለት፤ የሚያስፈልገው መስመር ማስመሪያ ኖራና አንድ ስቶፕዎች ብቻ ነው። ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ከሕንፃው በፊት «በኦሎምፒክ ጊዜ ልጆቹን ምን ታሠሯቸዋላችሁ? መሮጥ የማይችለውንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ሁለት ጊዜ ከስሬያለሁ። መምህርታችንን የምታውቁ ደግሞ እባካችሁ ልጆቻችሁን ወደ ክፍላቸው ላኩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ላኩ። እንደ እሳቸው ያለ መምህር ብዙ አላየሁም። መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ያነበበው ልጄ አንድ እርማት እንዳስገባ አዝዞኛል፤ የመምህርታችን ሰዓት 31 ሰከንድ ሳይሆን 31.4 ነው፤ መዝገቡ ላይ ተጽፏል።