የወንድሜን እግር ፍሪሲዮን ላይ ለመለሰው ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜን ከአደጋ በኋላ ወደ ስራው ለመለሰው ፊዚዮቴራፒስት (የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ ለሚያክም ባለሙያ) ይሄን የምስጋና ጽሁፍ እጽፋለሁ እያልኩ ወራት አልፈዋል። ዛሬ ወንድሜ ትራክተር ላይ ቁጭ ብሎ የተነሳውን ፎቶ ሲልክልኝ ግን አላስቻለኝም።

ወንድሜ ኢተያ አካባቢ የሰው ትራክተር ነው የሚነዳው። አምና ግንቦት ሲያርስ ውሎ፣ ተሳቢ አስከትሎ በአዳማ አሰላ አስፋልት ሲመለስ፣ ሊመሻሽ ሲል አንድ አይሱዙ ከኋላ ገጨው። ተሳቢው መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው። ወንድሜ ከላይ ወድቆ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆነ፣ አጥንቱ ውስጥ ብረት ገባለት፣ ክራንችና የቀጠሮ ወረቀት ይዞ ወጣ። በቃ።

እኛም ኦፕራሲዮኑ ካለቀ ያለቀ መስሎን ነበር። ጉልበቱ ስር ትራስ ከተንለት፣ እሱም እግሩን አጥፎ ሲተኛ ይውላል። ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቱ አልዘረጋ አለ። እማዬ "ወጌሻ ይምጣ" አለች። ወጌሻ ንቄ አይደለም፣ ግን ብረት ያለበት እግር ሲታሽ ታየኝና ዘገነነኝ። አሰላ አንድ ፊዚዮቴራፒስት እንዳለ የነገረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ እሷንም እግዜር ይስጣት።

ሰውየው ቤት ድረስ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ትራሱን ከጉልበቱ ስር አውጥቶ ተረከዙ ስር ማስገባት ነው። "ሲያብጥ እግርህን ከፍ አድርገው፣ ጉልበትህን ግን አጥፈህ አታቆየው" አለው። እማዬን ደግሞ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ ወጌሻው ይቅርብን፣ ይሄ ብረት መታሸት አይወድም" ሲላት እኔ ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቅኩበት ነገር በአንድ ቃል አለቀ።

መሳሪያ አላስገዛንም። ከአሮጌ የሳይክል ከመነዳሪ ቆርጦ በእግሩ መዳፍ ዙሪያ አዞረና ጫፉን እጁ ላይ አስያዘው፤ እግርህን ግፋ፣ ቀስ ብለህ መልስ፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ሲጋራም አስቆመው፣ አጥንት ቶሎ እንዳይገጥም ያደርጋል ብሎ። (እኛ ለስንት ዓመት ለምነነው!) ባትህ ድንገት ካበጠና ካመመህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ነገ ሳትል ሆስፒታል ሂድ ብሎ ለሁላችንም ነገረን፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ደግሞ ይደውላል። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሳይደውል የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እኔን የገረመኝ ግን ወንድሜ ያለ ክራንች መሄድ ከጀመረ በኋላ ያለው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ድነሃል ብሎ ይሸኘው ነበር። ይሄ ሰው "አንተ ሾፌር ነህ፣ መሄድ ብቻውን አይበቃህም" አለና ትራክተሩ የቆመበት ግቢ ድረስ ሄደ። የመወጣጫውን ከፍታ በስንዝር ለካ። ቤት መጥቶ በዚያው ልክ ብሎኬት ደረደረና መውጣትና መውረድ አስለመደው፤ ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የተጎዳው። የትራክተር ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው) እንደ ቤት መኪና አይደለም፣ ከባድ ነው። ስለዚህ የሰው መመዘኛ ሚዛን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በግራ እግሩ ያስረግጠውና ቁጥሩን ይጽፋል፣ ከዚያ በቀኙ። ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ቁልፍ አትነካም አለው። ወንድሜ ተናደደ፣ እኔም በሆዴ አሁንስ አበዛው ብዬ ነበር።

ፍርሃቱም ነበር። የአይሱዙ ጥሩንባ ሲሰማ ላብ በላብ ይሆናል። ለሱም መላ ነበረው፤ መጀመሪያ ሞተር ሳታስነሳ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ቀጥሎ አስነሳና እዚያው ቁም፣ ከዚያ ማሳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት። አስፋልት መጨረሻ ላይ።

ስለ ገንዘብ የምትጠይቁኝ ስላላችሁ፦ የፖሊሱን ሪፖርትና እያንዳንዱን ደረሰኝ አስቀምጡ ያለን እሱ ነው። እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ የራሳችሁ መኪና የ3ኛ ወገን መድን ሾፌሩን ራሱን አይመለከትም፣ የምትጠይቁት የገጫችሁን መኪና መድን ነው። ተቀጥሮ የሚነዳ ሰው ደግሞ በስራ ላይ ከተጎዳ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የትራክተሩ ባለቤት መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር። ወረቀቱን ዘርግተን ስናሳየው ከፈለ።

ጉድለት አይጠፋም፤ ሰውየው ቁጡ ነው። ስፖርቱን ዘለን እንደሆነ ከፊታችን ያውቃል፣ እማዬ ፊትም ቢሆን አይምርም። ክፍያው ግን የሚቻል ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራትማ በስልክ ብቻ ሲከታተለው ምንም አልተቀበለም። ወንድሜ ስንዴ ጭኖ ቢሄድ መለሰው፣ "ሽጠውና በብሩ ለተሳቢው የኋላ መብራት አስገጥምበት" ብሎ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ አትለጥፊው ብሎኛል። አሰላ፣ ኢተያ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ አካባቢ ያላችሁ፣ ትራክተርም ኮምባይነርም የሚነዳ የተጎዳ ሰው ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ብቻ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዳትደውሉለት፣ ልጆቹን የሚያስጠናበት ሰዓት ነው።